ያንኑ ትምህርት ዳግመኛ ማስተማር፤ ከ«አሥርቱ ትእዛዛት» ፊልም ምን እንማራለን?

ውድ መምህራንና እጩ መምህራን፣ ርእሱ ስለ ፊልም ይመስላል እንጂ ነገሩ የራሳችን የሥራ ጉዳይ ነው። እንደሚታወቀው አንድን ትምህርት አንድ ጊዜ አስተምረን አናበቃም። የክፍልፋይን ትምህርት ምናልባት ሠላሳ ዓመት እናስተምረው ይሆናል። ታዲያ በሁለተኛው ዓመት ምን እናድርግ? ያንኑ ደብተር እንግለጥ ወይስ ሁሉን ጥለን እንደ አዲስ እንጀምር? ይህ ጥያቄ በሌላ ሙያ የገጠመው አንድ አንጋፋ ሰው አለ። እሱም አሜሪካዊው የፊልም አዘጋጅ ሴሲል ቢ. ዴሚል ነው። (ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሀ. ሁለቱ ፊልሞች

ዴሚል በ1923 «አሥርቱ ትእዛዛት» የተባለ ድምፅ አልባ ፊልም ሠራ። የመጀመሪያው ክፍል እስራኤላውያን ከግብፅ ሲወጡ ያሳያል። ሁለተኛው ክፍል በዚያው ዘመን አሜሪካ ውስጥ የሚኖሩ የሁለት ወንድማማቾች ታሪክ ነው። አንደኛው ትእዛዛቱን ንቆ፣ ሲሚንቶ እያሳነሰ ቤተ ክርስቲያን ያሠራል። ግድግዳው ይናድና የገዛ እናቱን ይገድላል።

ከ33 ዓመት በኋላ፣ በ1956፣ ዴሚል በ75 ዓመቱ ያንኑ ርእስ እንደገና ይዞ ቀረበ። ይህኛው ባለ ቀለምና ባለ ድምፅ ሆኖ 3 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ያህል ይፈጃል። ቻርልተን ሄስተን ሙሴን፣ ዩል ብሪነር ደግሞ ፈርዖን ራምሴስን ሆነው ተጫውተዋል።

ለ. ምኑን ለወጠ?

1ኛ/ ይዘቱን። የወንድማማቾቹን ታሪክ አውጥቶ የሙሴን ወጣትነት አስገባ። በ1923ቱ ሙሴ ብቅ ሲል ሽማግሌ ነው፤ በ1956ቱ ግን ከሕፃንነቱ ጀምሮ እናየዋለን። ለዚህም እነ ጆሴፈስን፣ የጥንት ጸሐፊዎችን፣ አገላብጧል። ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ትኩረት የሚስበው ትዕይንት የመጣው ከዚህ ንባብ ነው። ሙሴ ከኢትዮጵያ ዘመቻ ተመልሶ የኢትዮጵያን ንጉሥና እኅቱን ለፈርዖን ያቀርባል፤ ግን እንደ ምርኮኛ ሳይሆን እንደ ወዳጅ ነው። አዲስ ንባብ አዲስ ትምህርት አመጣ ማለት ነው።

2ኛ/ መሣሪያውን። በ1923 የተከፈለውን ባሕር ለማሳየት ጄላቲን ለሁለት ተሰንጥቆ በቅርብ ተቀረጸና ከተጓዦቹ ምስል ጋር ተጣመረ። ዘዴው ሠርቶለት ነበር። ቢሆንም በ1956 ከትልልቅ ገንዳዎች ውኃ እያስለቀቀ አስቀረጸና ፊልሙን ወደ ኋላ አስኬደው። ፊልሙም በልዩ የምስል ቅንብር ኦስካር አገኘ።

3ኛ/ መግቢያውን። ፊልሙ ከመጀመሩ በፊት ዴሚል ራሱ ከመጋረጃ ወጥቶ ተመልካቹን ያነጋግራል። ጥያቄው ሰው በእግዚአብሔር ሕግ ይመራ ወይስ በአንድ አምባገነን ፈቃድ የሚል መሆኑን ይነግረዋል። እኛ የትምህርቱን ዓላማ ማስተዋወቅ የምንለው ይኸው አይደል?

ሐ. ምን ቀረበት?

እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ በእኛ አስተያየት አንድ ነገር ቀርቶበታል። ያ ሲሚንቶ ጎድሎት የተሠራ ግድግዳ ተመልካቹን «ይህ ነገር አንተንም ይመለከታል» ይለው ነበር። በሁለተኛው ፊልም ይህ ድልድይ ወደ ጥቂት የመግቢያ ቃላት ወርዷል። ባሕሩ አማረ፤ ግድግዳው ግን የለም። እኛም አዲስ ሥዕልና አዲስ መርጃ መሣሪያ ስናመጣ፣ ልጁን ከገበያው፣ ከእርሻውና ከሰፈሩ ጋር ያገናኘውን የአምናውን ቀላል ምሳሌ አብረን እንዳንጥል እንጠንቀቅ።

መ. ለሥራችን

ወረቀቱ ቢጫ ከሆነ ደብተር እያስጻፉ ዓመታት የሚገፉ አስተማሪዎችን ሁላችንም እናውቃለን። ዴሚል ግን በ1954 ግብፅ ውስጥ ሲቀርጽ የልብ ሕመም ጥሎት፣ በጥቂት ቀናት ውስጥ ወደ ሥራው ተመለሰ። ለእሱ ርእሱ አሮጌ አልነበረም። ለእኛም አንድ ትምህርት ሃያኛ ጊዜያችን ሊሆን ይችላል፤ ፊት ለፊታችን ለተቀመጠው ልጅ ግን የመጀመሪያው ነው። ምናልባትም የመጨረሻው።

ስለዚህ ከእያንዳንዱ ትምህርት በኋላ በዕቅዳችን ጀርባ ሦስት መስመር እንጻፍ፦ ምኑ ገባቸው? ምኑ አልገባቸውም? ለከርሞ ምን ላንብብ?

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ዴሚል የወንድማማቾቹን ታሪክ ማውጣቱ ተገቢ ነበር ትላላችሁ? ለምን?
2. በልምምድ ካስተማራችሁት አንዱን ትምህርት ምረጡ። ዳግመኛ ብታስተምሩት ምኑን ታስቀራላችሁ? ምኑን ትለውጣላችሁ?