ፕሉቶ ደለዊ ሲገባ

ጥያቄ፦ የተወለድኩት እ.ኤ.አ. በ1990፣ ልጄ በ2010 ነው። ፕሉቶ ወደ ደለዊ ገባ መባሉን ሰምቼ ሥራዬን ልልቀቅ ወይስ ልቆይ እያልኩ እጨነቃለሁ። ትርጉሙ ለሁለታችን አንድ ነው?

መልስ፦ ፕሉቶ ፀሐይን ለመዞር 248 ዓመት ገደማ ይፈጅበታል። ምሕዋሩ ሞላላ በመሆኑ በአንድ ኮከብ ምልክት የሚቆየው አንዳንዴ 12፣ አንዳንዴ ደግሞ ወደ 30 ዓመት ነው። በዚያ ዘመን የተወለዱ ሁሉ ምልክቱን ስለሚጋሩ ኮከብ ቆጣሪዎች ትርጉሙን በዋናነት ለትውልድ ይሰጣሉ። የጠያቂዋ ትውልድ (ከ1984 እስከ 1995 ገደማ) የዐቅራብ፣ የልጃቸው (ከ2008 እስከ 2024 ገደማ) የጀዲ ነው። ደለዊ ከዐቅራብ በ90 ዲግሪ ስለሚርቅ ትውፊቱ ለእናትየው ትውልድ ግፊትና ለውጥ ይተነብያል፤ ጀዲ ግን ጎረቤቱ ስለሆነ ለልጃቸው እንዲህ ያለ ንባብ የለም። ፕሉቶ ደለዊን የሚለቀው ወደ 2043 ነው፤ ጥድፊያ የለም። በ1930 የተገኘ በመሆኑም፣ ኮከብን ከራስና ከእናት ስም ፊደላት በሚያወጣው ዐውደ ነገሥት ውስጥ ስፍራ የለውም።

ፕሉቶ በሰው ሕይወት ላይ አለው የሚባለው ተጽዕኖ በሳይንስ አልተረጋገጠም። ሥራ የመልቀቅ ውሳኔ በደመወዝ፣ በቁጠባና በቤተሰብ ኃላፊነት ቢመዘን ይበጃል። ጭንቀቱ ለሳምንታት እንቅልፍ ከነሳ የሥነ ልቦና ወይም የአእምሮ ሕክምና ባለሙያን ማማከር ተገቢ ነው።