ዱላው ያላረፈበት ልጅ

«ልጆቹን እኮ አልነካኋቸውም» ይላል አባት። ሽማግሌዎች ተቀምጠው ሲጠይቁት ሚስቱን መምታቱን ያምናል፤ ወዲያው ግን ይህችን ቃል ያስከትላል። ሽማግሌዎቹም እንደ ማቅለያ ቆጥረው ያልፏታል። በዛሬው ትምህርታችን ልንመረምራት የፈለግነው ይህችኑ ቃል ነው። ልጅ ካልተመታ አልተጎዳም ለማለት ይቻላልን?

በጎንደር ከተማም ሆነ በዳባት፣ በደባርቅና በጃናሞራ ደጋ፣ ለብዙ ቤተሰብ ቤት ማለት አንድ ክፍል ነው። በገጠሩ ምድጃው፣ መደቡ፣ አንዳንዴም ጥጃው በአንድ ጣሪያ ሥር ያድራሉ። በከተማው የኪራይ ቤትም ወላጆችን ከልጆች የሚለየው ብዙ ጊዜ መጋረጃ ብቻ ነው። ስለዚህ «ልጆቹ ተኝተው ነበር» ሲባል ለማመን ያስቸግራል። ልጅ ጠቡን የሚያውቀው በዓይኑ ብቻ አይደለም። ተከናንቦ ይሰማል። ጠዋት የእናቱን ያበጠ ፊት ያያል፤ የተሰበረውን ገንቦ ስባሪ የሚለቅመውም እሱ ነው። አባቱ ከጠላ ቤት ሲመለስ ከኮቴው ድምፅ ብቻ የዚያን ሌሊት ሁኔታ ይገምታል። ሮጦ እንዳይወጣ የደጋው ብርድ አለ፤ ጅቡም አለ።

ነገሩ የጥቂት ቤቶች ጉዳይ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጣው የብዙ አገሮች ጥናት ከኢትዮጵያ የተመረጠው የቡታጅራ አካባቢ ነበር። በዚያ ባል ካላቸው ወይም ከነበራቸው ሴቶች መካከል ከ100ው 71ዱ በባላቸው መመታት ወይም መደፈር፣ ወይም ሁለቱም እንደ ደረሰባቸው ተናገሩ። ከተጠኑት ቦታዎች ሁሉ ከፍተኛው ቁጥር ይህ ሆነ። ቡታጅራ ከእኛ ሩቅ ናት ይባል ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2016 በመላ አገሪቱ በተደረገው የሕዝብና ጤና ጥናት ግን ሴቶችና ወንዶች «ባል ሚስቱን ቢመታ ተገቢ የሚሆንበት ምክንያት አለን?» ተብለው ተጠይቀው ነበር። ምግብ ብታሳርር፣ ብትከራከረው፣ ሳትነግረው ብትወጣ፣ ልጆቿን ችላ ብትል፣ መኝታ ብትከለክለው የሚሉ አምስት ምክንያቶች ቀርበውላቸው፣ ከሴቶቹ 63 በመቶ፣ ከወንዶቹ 28 በመቶ ቢያንስ በአንዱ ተስማሙ። እ.ኤ.አ. በ2005 ይኸው ቁጥር በሴቶች 81 በመቶ ነበርና መሻሻል መኖሩን መካድ አይገባም።

ከአምስቱ ምክንያቶች አራተኛውን እንደገና እንመልከተው። እናት «ልጆችሽን ችላ አልሽ» ተብላ ስትመታ ልጁ ምን ይሰማል? እናቴ የተመታችው በእኔ ምክንያት ነው ብሎ ይደመድማል። ባልበላ፣ ባልታመም፣ በጉን ባላጠፋው ኖሮ አትመታም ነበር ይላል። የዚህ ዓይነቱን ሸክም የተሸከመ ልጅ ደግሞ ለማንም አይናገርም፤ ጥፋተኛው እሱ ነውና!

ሰው ሲፈራ ልቡ በኃይል ይመታል፣ ጡንቻው ይወጠራል፣ ሰውነቱ ለመሸሽ ወይም ለመታገል ይሰናዳል። አደጋው ሲያልፍ ተመልሶ ይረጋጋል። ፍርሃቱ በየሳምንቱ የሚመላለስበት ልጅ ግን ጨርሶ አይረጋጋም፤ በሰላሙም ቀን ሰውነቱ ዘብ እንደ ቆመ ነው። ትምህርት ቤት በር ሲንኳኳ ይደነግጣል፤ መምህሩ የሚናገረው አይገባውም፤ ደነዝ ይባላል። አንዳንዱ እኩዮቹን ይደበድባል፣ አንዳንዷ ዝም ትላለች። ጭምትነቷም እንደ ጨዋነት ተቆጥሮ ትመሰገናለች። የ8 ዓመት ልጅ እንደገና መኝታውን ማርጠብ ሲጀምር በዚያም ይገረፋል። ሆዴን አመመኝ ሲል ጠበል ይወሰዳል፣ ጤና ጣቢያም ይወሰዳል። ሁለቱም መልካም ነው፤ ነገር ግን «ማታ ቤት ውስጥ ምን ሆነ?» ብሎ የሚጠይቅ አይገኝም።

ጡት የሚጠባውስ? እሱ አይገባውም ብለን እንጽናናለን። ሕፃን ግን ቃሉን ባያውቅ ጩኸቱንና የእናቱን መንቀጥቀጥ ያውቃል። በዚያው በቡታጅራ ተመራማሪዎች እናቶችን ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተሙት ጥናት፣ የባል ጥቃትና የእናት የመንፈስ ጭንቀት በአንድነት ሲደርሱ ሕፃኑ የመሞት አደጋው ከፍ እንደሚል አሳይተዋል። «አልነካሁትም» የሚለው አባት ይህን ቢሰማ መልካም ነበር።

ጉዳቱ ከልጅነት ጋር ተሰናብቶ አይሄድም። በአሜሪካ ሳን ዲዬጎ ከተማ ከ17,000 በላይ አዋቂዎች ስለ ልጅነታቸው ሲጠየቁ፣ ከጥያቄዎቹ አንዱ እናታቸው ስትደበደብ አይተው እንደ ሆነ የሚል ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ እንደ ታተመው፣ እንዲህ ያሉ መከራዎች በልጅነቱ የተደራረቡበት ሰው በኋላ በልብ ሕመም፣ በመጠጥና ራሱን ለመግደል በመሞከር ከሌላው ይልቅ ይጠቃል።

ይህን ያነበበ ወጣት፣ በተለይም ከእንዲህ ያለ ቤት የወጣ፣ «እንግዲያስ አበቃልኝ» እንዳይል ሌላውንም መናገር ያስፈልጋል። በሃዋይ፣ ካዋይ በምትባል ደሴት እ.ኤ.አ. በ1955 የተወለዱ 698 ሕፃናትን ኤሚ ወርነር የተባሉ የሥነ ልቡና ምሁር ከባልደረቦቻቸው ጋር ለአሥርተ ዓመታት ተከታተሏቸው። በድህነትና በተናወጠ ቤት ካደጉት መካከል ከሦስት አንዱ ያህል ሠርቶ አዳሪና ለሰው አሳቢ ሆኖ ተገኘ። የእነዚህ ልጆች ሕይወት ሲመረመር፣ አንድ ያልተለያቸው አዋቂ ሰው ነበራቸው፤ አያት፣ አክስት፣ መምህር፣ ወይም የቤተ ክርስቲያን ወጣቶች መሪ።

በእኛ ዘንድ ይህን ሰው እንዳይገኝ የሚያደርገው «የቤትሽን አመል እዚያው» የሚለው ልማዳችን ነው። ሽምግልናችን የሚናቅ አይደለም፤ ብዙ ደም አድርቋል። ነገር ግን ሲሸመገል ልጅ «ውጣ፣ ከብቶቹን እይ» ይባላል። ባል ይቅርታ ይጠይቃል፣ ዋስ ይጠራል፣ እናት ከወላጆቿ ቤት ትመለሳለች፤ ልጁ ግን ነገሩ እንዳለቀ እንኳ የሚነግረው የለም። ሕጉም ቢሆን እንዲሁ ነው። በ1997 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸመውን የኃይል ድርጊት ወንጀል አድርጎታል፤ ቆሞ ያየውን ልጅ ግን አንቀጹ አይጠቅሰውም። ሽማግሌዎች ጨምረው አባቱን «ለልጅህም ንገረው፤ ጥፋቱ የእኔ ነበር በለው» ቢሉት ምን ያህል በቀለለ!

የሕፃናት ክፍል የምታስተምሩ ወንድሞችና እኅቶች፣ ሥራው በእናንተ እጅ ነው። ልጁን በጓደኞቹ ፊት አትመርምሩት። ለብቻው ከእናንተ ጋር ምንጣፍ እንዲያጥፍ አድርጉና የሚናገር ከሆነ ሳታቋርጡ ስሙት። ጥፋቱ የእሱ እንዳልሆነ በግልጽ ንገሩት። «ለማንም አልናገርም» ብላችሁ ግን ቃል አትስጡት፤ ላትጠብቁት ትችላላችሁና። ለአባቱም ቸኩላችሁ አትንገሩ፤ የዚያን ዕለት ማታ የሚከፈለው በእናትየው ጀርባ ነው። መጀመሪያ እናትየውን ብቻዋን አግኟት፤ በእሷም ፈቃድ የነፍስ አባቷን ወይም የልጁን የክርስትና እናት አማክሩ። ልጁ በመካከል ገብቶ እንዳይገላግል፣ ጠብ ሲነሣ ታናናሾቹን ይዞ የሚሮጥበት ቤት የማን እንደ ሆነ አስቀድማችሁ አስተምሩት፤ የዚያን ቤት ሰዎችም አነጋግሩ። በቤቱ ጠመንጃ ካለ ወይም «እገድልሻለሁ» የሚል ቃል ከወጣ ግን እሑድን አትጠብቁ፤ የዚያኑ ዕለት ለፖሊስና ለወረዳው ወይም ለክፍለ ከተማው ሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤት ማስታወቅ ነው።