በዶሮ ቤት ውስጥ ላባ መነጫጨት፦ መንስኤውን ለይቶ ማስቆም

ይህ የሥልጠና ጽሑፍ የተዘጋጀው ከ20 እስከ 50 የሚደርሱ የተሻሻሉ ዝርያ ዶሮዎችን በጓሮ ቤት ይዘው እንቁላል ለሚሸጡ ቤተሰቦች ነው። ቦቫንስ ብራውንም ይያዙ ሳሶ ችግሩ ያው ነው። አንድ ቀን ጠዋት በሩን ሲከፍቱ የሁለት ሦስት ዶሮዎች ጀርባ ተራቁቶ፣ የጅራታቸው ሥር ደምቶ ያገኛሉ። በሳምንቱ ቁጥራቸው ይጨምራል። ያን ጊዜ ብዙ ሰው የሚያደርገው "ነካሿን" ፈልጎ ማረድ ወይም ገበያ ማውጣት ነው። ነገር ግን በዚህ መንገድ የምትወገደው ብዙውን ጊዜ ጤነኛና ጥሩ ጣይ ዶሮ ናት። ቦታዋን ሌላዋ ትወስዳለች፤ ዶሮዎቹን ያነጫጫቸው ነገር ገና ከቤቱ አልወጣምና።

ዶሮ በተፈጥሮዋ ጫሪ ናት። ደጅ የተለቀቀች ዶሮ አብዛኛውን የቀኑን ክፍል ስትጭርና ስትለቅም ትውላለች። ቤት ውስጥ ስትዘጋ ይህ ጠባይዋ አይጠፋም። የምትጭረው ጉዝጓዝ ከሌለ፣ ወይም መኖው የሚጎድለው ነገር ካለ ምንቃሯ ወደ ጎረቤቷ ላባ ይዞራል። ይህ ከጠብ የተለየ ነው። ለበላይነት የሚጣሉ ዶሮዎች የሚመታቱት ጭንቅላት ላይ ሲሆን፣ ላባ የምትነጭ ዶሮ ግን ከኋላ ቀስ ብላ መጥታ ጅራት፣ ጀርባና የእንቁላል መውጫ አካባቢ ትነቁራለች። አንዷ ስትጀምር ሌሎቹ እያዩ ይለምዱታል። ደም ከታየ ደግሞ ቀዩ ነገር ሁሉንም ይስባል፤ መነጫጨቱም በሰዓታት ውስጥ ወደ መበላላት ሊያድግ ይችላል።

በመጀመሪያ መነጫጨት መሆኑን ያረጋግጡ

የተራቆተች ዶሮ ሁሉ ተነጭታለች ማለት አይደለም። ዶሮ ከአንድ ዓመት ገደማ እንቁላል መጣል በኋላ ላባዋን ትቀይራለች። በዚህ ጊዜ ላባው ከአንገት ጀምሮ በየተራ ይረግፋል፣ ቆዳው አይቆስልም፣ ከሥሩም አዲስ ላባ እንደ እሾህ ሲወጣ ይታያል። አውራ ዶሮ ከሴቶቹ ጋር ካለ ደግሞ በጀርባቸው መሃልና በማጅራታቸው ላይ ላባ የሚያልቀው እሱ ሲወጣባቸው ነው፤ ለ10 ሴት ዶሮ አንድ አውራ ይበቃል። የአንገቷ ፊት ብቻ ከተላጠ መመገቢያው እየፈተጋት ሊሆን ስለሚችል ጠርዙን ይመልከቱ። መላታ የሚባለው የአገራችን ዶሮም አንገቱ ራቁት የሆነው በዘሩ ነው።

አንድ ቀላል ምልክት ልጨምር። ጉዝጓዙን በእንጨት ገለጥ ገለጥ አድርገው የወደቀ ላባ ይፈልጉ። የዶሮዎቹ ጀርባ ተራቁቶ ወለሉ ላይ ላባ ከጠፋ ዶሮዎቹ የነጩትን እየበሉት ነው። ይህ ሲሆን ቀጥታ ወደ መኖው ይሂዱ።

ደም ካዩ በዚያው ቀን

የቆሰለችውን ዶሮ ወዲያው ለይተው ያውጡ። ሩቅ አይውሰዷት፤ እዚያው ቤት ውስጥ በሽቦ ወይም በቀርከሃ በተከለለ ጥግ፣ ሌሎቹ እያዩዋት ግን ሳይደርሱባት ትቆይ። ከዓይናቸው ርቃ የሰነበተች ዶሮ ስትመለስ እንደ እንግዳ ተቆጥራ እንደገና ትደበደባለች። ቁስሉን በንጹሕ ለብ ባለ የጨው ውሃ ያጠቡ። የተቃጠለ የሞተር ዘይት የሚቀቡ አሉ፤ ይህ ቆዳዋን ይጎዳል፣ ዶሮዋም ሆነች ሌሎቹ ይልሱታል፣ ስለዚህ ይቅር። የእንስሳት ጤና ባለሙያው የቁስል መድኃኒት ከሰጠዎት እንቁላሏና ሥጋዋ ለስንት ቀን እንደማይበላ ሳይጠይቁ አይለዩ። ቁስሉ ደርቆ ቅርፊቱ ሲወድቅ ማታ ዶሮዎቹ ቆጥ ላይ ከወጡ በኋላ ቀላቅሏት።

ስትነቁር በዓይንዎ ያዩዋትንም ለጥቂት ቀናት ለይቶ ማቆየት ይጠቅማል። እሱ ግን ጊዜ መግዣ ነው፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ የቤቱን ጉድለት ፈልገው ያግኙ።

መኖ

በየቀበሌው በምናደርገው ክትትል ከሁሉ በፊት የምንጠይቀው ጥያቄ "መኖውን በምን እያበዛችሁት ነው?" የሚል ነው። የፋብሪካ መኖ ውድ ነው። በተለይ በዐቢይ ጾም የእንቁላል ገበያ ሲቀዘቅዝ የጣይ ዶሮ መኖን በስንጥቅ በቆሎ እኩል ቀላቅሎ ማብላት የተለመደ ነው። ነገሩ ከኪስ አንጻር ቢገባንም ስሌቱን አብረን እንሥራው።

የጣይ ዶሮ መኖ ከ16 እስከ 17 በመቶ ፕሮቲን አለው። በቆሎ ያለው ከ8 እስከ 9 በመቶ ብቻ ነው። እኩል ሲቀላቀሉ 12 ወይም 13 በመቶ ይሆናል። ዶሮዋ በቀን 115 ግራም ገደማ ብትበላ ከትክክለኛው መኖ 18 ግራም ያህል ፕሮቲን ታገኝ ነበር፤ ከድብልቁ የምታገኘው ግን 14 ግራም ያህል ነው። አንድ እንቁላል ብቻውን 6 ግራም ገደማ ፕሮቲን ይዞ ይወጣል። ቀሪው ለሰውነቷና ለላባዋ አይበቃም። ላባ ራሱ ከሞላ ጎደል ፕሮቲን ስለሆነ፣ ያጣችውን ከጎረቤቷ ጀርባ ላይ ለመልቀም ትሞክራለች። ከዚያም በላይ ላባዋ ያለቀ ዶሮ በደጋው ብርድ ሙቀቷን ለመጠበቅ ብቻ ተጨማሪ መኖ ትበላለች። በበቆሎ የተቆጠበው ገንዘብ በዚህ በኩል ይወጣል ማለት ነው።

በመሆኑም ወጪ መቀነስ ካስፈለገ በቆሎ ከመጨመር ይልቅ ቤት ውስጥ ሙሉ መኖ ማዘጋጀት ይሻላል። ለአንድ ኩንታል ለምሳሌ 47 ኪሎ የተፈጨ በቆሎ፣ 8 ኪሎ የስንዴ ፉርሽካ፣ 22 ኪሎ የኑግ ፋጉሎ፣ 13 ኪሎ የተቆላና የተፈጨ አኩሪ አተር፣ 9 ኪሎ የኖራ ድንጋይ ዱቄት፣ 400 ግራም ጨው፣ ቀሪውን የቫይታሚንና የማዕድን ቅይጥ ማድረግ ይቻላል። የቅይጡን መጠን ማሸጊያው ላይ ከተጻፈው ጋር ያስተካክሉ። ይህ ድብልቅ ወደ 17 በመቶ የሚጠጋ ፕሮቲን ይሰጣል። አኩሪ አተሩ የግድ መቆላት አለበት፤ ጥሬው የፕሮቲንን መፈጨት ያግዳል። የሻገተ ፋጉሎ ርካሽ ቢሆንም አይግዙ።

ጨው ማነስም ዶሮን ያነጫጫል። በኩንታል ከ300 እስከ 500 ግራም በቂ ነው። የፋብሪካ መኖ ጨው ስላለው አይጨመርበትም፤ ሲበዛ ጨው ዶሮን ይገድላል። የመኖው ዱቄት እጅግ የላመ ከሆነም ዶሮዋ ለመርካት የምትለቅመው ስለማይኖራት ምንቃሯ ሥራ ይፈታል። ስለዚህ በቆሎውን ስታስፈጩ ሻካራ ይሁን።

መመገቢያው ለአንድ ዶሮ ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር ጠርዝ ይኑረው። ደካሞቹ ሳይበሉ የሚቀሩበት ቤት ውስጥ መነጫጨት አይጠፋም። ውሃም ለአንድ ሰዓት እንኳ እንዳይቋረጥ።

ቦታና ብርሃን

አንድ ካሬ ሜትር ከ4 እስከ 5 ጣይ ዶሮ ይይዛል። ርዝመት ሦስት፣ ስፋት ሁለት ሜትር የሆነ ክፍል ውስጥ ከ30 በላይ ዶሮ ካለ ሌላው ሁሉ ቢስተካከል እንኳ ችግሩ ይመለሳል። ቤቱን ማስፋት ካልተቻለ በሽቦ የታጠረ መናፈሻ ከፊቱ ይሥሩ፤ ያም ካልሆነ የቁጥሩን መቀነስ ይምረጡ። ሃያ አምስት በደንብ የተያዙ ዶሮዎች ከአርባ የተራቆቱ ይሻላሉ። ከተለያየ ቦታና በተለያየ ዕድሜ የተገዙ ቄቦችን በአንድ ቀን መቀላቀልም ያው ነው፤ ለአንድ ሳምንት በሽቦ ለይተው እያስተያዩ ይቀላቅሏቸው።

ብርሃን ሲበዛ ዶሮ ትቁነጠነጣለች፤ ትንሿ ቁስልም ጎልታ ትታያለች። በቆርቆሮው ቀዳዳ ወይም በመስኮቱ የሚገባ ጠንካራ ፀሐይ ካለ በማዳበሪያ ከረጢት ያጥሉት። ሲያጠሉ የአየር መግቢያውን እንዳይዘጉ፤ ሙቀትና የታፈነ ሽታም ያነጫጫል። በፀሐይ ኃይል የሚሠራ መብራት የምትጠቀሙ ቤተሰቦች ደግሞ የቀንና የመብራት ብርሃን ተደምሮ ከ16 ሰዓት አይብለጥ፣ መብራቱም ደብዛዛ ይሁን።

የእንቁላል መጣያው በጨለም ያለ ጥግ ይቀመጥ፤ ለ4 ወይም ለ5 ዶሮ አንድ። ዶሮዋ እንቁላል ስትጥል የመውጫዋ ቀይ ሥጋ ለአፍታ ብቅ ይላል። ወለል ላይ በብርሃን የምትጥል ከሆነ ሌሎቹ ያንን ቀይ ነገር ይነቁሩታል። በጓሮ ቤቶች ድንገተኛ ሞት የሚያስከትለው መነቋቆር ይህ ነው፤ መድኃኒቱ ደግሞ ጭድ የተነጠፈበት ካርቶን ወይም ቅርጫት ነው።

ሥራ ማስያዝ

ጉዝጓዙ ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ደረቅ የጤፍ ጭድ፣ ሰጋቱራ ወይም የሩዝ ገለባ ይሁን። ከሰዓት በኋላ ጥቂት እፍኝ ስንዴ ወይም በቆሎ ጉዝጓዙ ውስጥ ይበትኑ፤ እየጫሩ ሲፈልጉ ይውላሉ። ጎመን ወይም የአልፋልፋ እሰር በገመድ አስረው በዶሮዎቹ ጭንቅላት ቁመት ያንጠልጥሉ። ወለሉ ላይ ከጣሉት ቶሎ ይረግጡታል፤ ሲንጠለጠል ግን ቆይቶ ያሠራቸዋል።

በአንድ ጥግ አመድና አሸዋ የሞላ ሳጥን ያስቀምጡ። ይህ ሥራም ነው፣ የቅማልም መከላከያ ነው። ተባይ ያለባት ዶሮ ራሷን ስትፎክት ቆዳዋ ይደማል፣ ሌሎቹም ይከተላሉ። ቅማልና ቅንቅን በክንፍ ሥርና በመውጫው ዙሪያ ላባውን ገለጥ ሲያደርጉ ይታያሉ። ሌላ ቀን ቀን በቆጡ ስንጥቅ ተደብቆ ማታ ደም የሚመጥ ጥቃቅን ተባይም አለ፤ ይህንን ለማግኘት ዶሮዎቹ ከተኙ በኋላ በባትሪ የቆጡን ሥር ይዩ።

ስለ ምንቃር መቁረጥ

"ምንቃራቸውን በቢላ ልቁረጠው?" የሚል ጥያቄ በየሥልጠናው ይነሳል። አይቁረጡ። ምንቃር ውስጡ ሥጋ፣ አጥንትና ነርቭ አለው፤ በትልቅ ዶሮ ላይ በቢላ ሲቆረጥ ይደማል፣ ያማታል፣ መኖም በደንብ መልቀም ያቅታታል። በትላልቅ እርባታዎች የሚደረገው በጫጩትነት፣ በልዩ መሣሪያና በሠለጠነ ሰው ነው። እዚያም ቢሆን የመኖና የቦታ ጉድለትን አይተካም።

ካስተካከሉ በኋላ ውጤቱን በላባው አይለኩ። ከሥሩ የተነቀለ ላባ በጥቂት ሳምንታት ይበቅላል፤ ተሰብሮ ግንዱ የቀረው ግን እስከሚቀጥለው የላባ ለውጥ ድረስ እንደተራቆተ ይቆያል። የሚለካው አዲስ ቁስል መቅረቱ ነው። በሁለት ሳምንት ውስጥ አዲስ ቁስል ካልታየ ትክክለኛውን ነገር አግኝተዋል።

ለሚቀጥለው የሥልጠና ቀን አራት ነገር ይዘው ይምጡ፦ የዶሮ ቤቱን ርዝመትና ስፋት፣ የዶሮዎቹን ቁጥር፣ የመኖውን ማሸጊያ ወይም የምትቀላቅሉትን ዓይነትና ኪሎ፣ እንዲሁም የተራቆቱት ዶሮዎች ላባ የትኛው የሰውነት ክፍላቸው ላይ እንዳለቀ። በብዙ ቤት ዶሮዎቹን በየቀኑ የምትመግበው የቤቱ እመቤት ስለሆነች ባለቤትዎም አብራ ብትመጣ ይመረጣል፤ መኖው መቼ እንደተቀየረ ከማንም በላይ የምታውቀው እሷ ናት።