ያረጀውን የጋዝ ቦይለር ከመቀየርዎ በፊት ማወቅ ያለብዎ

አዲስ አበባ ላይ ቦይለር ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው መታጠቢያ ቤት ውስጥ የሚሰቀለውን የኤሌክትሪክ ውሃ ማሞቂያ ነው። እንግሊዝ አገር ግን ሌላ ነገር ነው። ጋዝ እያነደደ ውሃ ያሞቃል፤ የሞቀውን ውሃ በቧንቧ ወደየክፍሉ ራዲያተር ይልካል፤ የገላ መታጠቢያውም ሙቅ ውሃ ከዚያው ይመጣል። ዲሴምበር ላይ ሲቆም ቤቱ በሙሉ ይቀዘቅዛል። በዚያ ብርድ የመጣው ባለሙያ «አርጅቷል፣ ይቀየር» ካለ፣ እሺ ከማለት ሌላ አቅም የለም። ስለዚህ ጥያቄውን ቦይለሩ ገና እየሠራ ሳለ ቢያነሡት ይሻላል።

ከዕድሜውና ከዋጋው በፊት ደኅንነቱ ይቅደም። ዘግተው ከሰል አቀጣጥለው እንደተኙ ሳይነሡ ስለቀሩ ሰዎች ያልሰማን ጥቂቶች ነን። የሚገድለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው፤ ሽታ የለው፣ ቀለም የለው። በደንብ የማይነድ ወይም የጭስ ማውጫው የተበላሸ ቦይለርም ያንኑ ያወጣል። ነበልባሉ የሚታይ ዓይነት ከሆነ ጥርት ያለ ሰማያዊ መሆን አለበት። ቢጫ ወይም ብርቱካንማ ሆኖ የሚርገበገብ ከሆነ፣ ዙሪያው ጥላሸት ካለው፣ ወይም ቤት ሲሆኑ ራስዎን እያመመዎ ደጅ ሲወጡ ከተሻለዎ፣ ያጥፉት፤ በርና መስኮት ከፍተው ይውጡና ወደ ጋዝ አደጋ መስመር 0800 111 999 ይደውሉ። የሚያዞር ወይም የሚያቅለሸልሽ ስሜት ካለዎ ሐኪም ጋ ሳይሄዱ አይደሩ። የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ ከሌለዎ ደግሞ ስለ ጥገናው ከማሰብዎ በፊት ዛሬውኑ ይግዙ። ዋጋው ከአንድ የጥገና ጉብኝት ያነሰ ነው።

ተከራይ ነዎት? እንግዲያው ወጪው የእርስዎ አይደለም። በ1985 የወጣው የአከራይና የተከራይ ሕግ ከ7 ዓመት ባነሰ ውል የተከራየ ቤት ማሞቂያና ሙቅ ውሃ እንዲጠገን አከራዩን ያስገድዳል። በ1998 የወጣው የጋዝ ደንብ ደግሞ ቦይለሩ በየዓመቱ እንዲመረመርና የምርመራው ወረቀት በ28 ቀን ውስጥ ለተከራዩ እንዲሰጥ ያዛል። አከራዩ የአገር ልጅ ስለሆነ ይሉኝታ ይዟቸው ብርዱን ችለው የሚከርሙ ቤተሰቦች አሉ። እባክዎ ይጠይቁ፤ በጽሑፍም ይጠይቁ።

ቤቱ የራስዎ ከሆነ፣ ቦይለሩን የሚከፍተው ማን እንደሆነ ያጣሩ። እኛ ዘንድ እጁ የተባረከ የሰፈር ሰው ሁሉን ይጠግናል፤ ያ ልማድ ሬዲዮና መኪና ላይ ሲያገለግለን ኖሯል። ጋዝ ላይ ግን አይሠራም። እንግሊዝ አገር በጋዝ ባለሙያዎች መዝገብ፣ በጋዝ ሴፍ፣ ያልተመዘገበ ሰው ለሥራ ብሎ የጋዝ ዕቃ ቢነካ ሕግ ይጥሳል። መታወቂያ ካርዱን ይጠይቁ፤ ጀርባውን ያዙሩ፤ የትኛውን የሥራ ዓይነት እንዲሠራ እንደተፈቀደለት የተጻፈው እዚያ ነው። ባለሙያ ይህን ሲጠየቅ አይቀየምም።

አሁን ወደ ብልሽቱ። ሞተ የተባለ ቦይለር ስንት ጊዜ ሳይሞት ይገኛል! የግፊት መለኪያውን ይዩ፤ ሲቀዘቅዝ ከ1 እስከ 1.5 ባር አካባቢ መሆን ይገባዋል። ከወረደ በመመሪያው መሠረት ውሃ መሙላት ይበቃ ይሆናል፤ በየሳምንቱ የሚወርድ ከሆነ ግን የሆነ ቦታ ይፈስሳል ወይም ውሃው ሞቆ ሲሰፋ የሚቀበለው የማስፋፊያ ጋን አየር ጎድሎታል። ውርጭ ባለበት ጠዋት እየተንቦጫቦጨ ከቆመ፣ ወደ ውጭ የሚወጣው ቀጭን የፕላስቲክ ማፍሰሻ ቱቦ በረዶ ሠርቶ ሊሆን ይችላል። ለብ ያለ ውሃ ያፍስሱበት፤ የፈላ አይሁን። የቴርሞስታቱን ባትሪም ይዩ።

ከዚህ ካለፈ የተበላሸው ዕቃ ስሙ ይነገርዎ። ፓምፕ፣ ማራገቢያ፣ የውሃ አቅጣጫ መቀየሪያ ቫልቭ፣ እነዚህ በአብዛኛው ይጠገናሉ። የሙቀት መለዋወጫው ከተሰነጠቀ ግን ሂሳቡ ወደ መቀየር ያዘነብላል፤ የቦይለሩ ልብ እሱ ነውና። ቀጥሎ ብዙዎች የማይጠይቁትን ይጠይቁ፦ ይህ ዕቃ ለምን ተበላሸ?

እኔም ይህን ጥያቄ ሳልጠይቅ ከፍዬበታለሁ። ፓምፑ ተቀየረልኝ፤ በሁለተኛው ብርድ አዲሱም ቆመ። ሌላ ባለሙያ መጥቶ ከራዲያተሩ ትንሽ ውሃ ቀዳ፤ እንደ ቀለም ጥቁር ነበር። የራዲያተሮቹ ብረት ከውስጥ እየዛገ ጥቁር ደለል ሆኖ በቧንቧው ይዞራል፤ ፓምፑን የሚያንቀው እሱ ነው። ታችኛው ክፍሉ የማይሞቅ ራዲያተር ካለዎ ምልክቱ ይኸው ነው። ለንደን ላይ ደግሞ ውሃው ኖራ ይበዛበታል፤ ኖራው ሙቀት መለዋወጫው ላይ ሲጋገር ቦይለሩ እንደ ማንቆርቆሪያ ይጮኻል። መስመሩ ሳይታጠብ፣ ዝገት መከላከያ ኬሚካልና የማግኔት ማጣሪያ ሳይገባ አዲስ ቦይለር ቢሰቀል፣ የአሮጌው በሽታ ይወርሰዋል። ዋጋ የሚሰጥዎ ሰው ስለ ማጠቡ ምንም ካላነሣ፣ እኔ ብሆን ሌላ ሰው እጠራለሁ።

ዕድሜውስ? ከ2005 ኤፕሪል ጀምሮ እንግሊዝና ዌልስ ውስጥ የሚገቡት ቦይለሮች፣ ከጥቂት በስተቀር፣ ከጭሱ ውስጥ ያለውን ሙቀት ጭምር የሚጠቀሙ ዓይነት ናቸው። ከጭሱ የሚጤዘውን ውሃ የሚያወጣው ያ ቀጭን የፕላስቲክ ማፍሰሻ የሌለው ቦይለር ካለዎ ከዚያ በፊት የነበረው ዘመን ቅሪት ሳይሆን አይቀርም፤ ጋዝ ያባክናል፣ መለዋወጫ ዕቃውም ከገበያ እየጠፋ ነው። እንዲህ ያለው ላይ ብዙ መቶ ፓውንድ ለጥገና ማፍሰስ አይመከርም። የ7 ወይም የ8 ዓመት ቦይለር ግን አንድ ዕቃ ስለተበላሸበት ብቻ አይጣልም። አምራቹ የሰጠው ዋስትና ስንት ዓመት እንደሆነም ያረጋግጡ፤ ዋስትናው በየዓመቱ ሰርቪስ መደረጉን ስለሚጠይቅ ደረሰኞቹን አይጣሉ።

መቀየር ካለብዎ ከሦስት ቦታ ዋጋ ይቀበሉ። ቤትዎ ደጃፍ ላይ ውል ቢያስፈርሙዎ በአብዛኛው 14 ቀን የመሰረዝ መብት አለዎ። እንግሊዝና ዌልስ ላሉ የቤት ባለቤቶች መንግሥት በቦይለሩ ፈንታ ለሚተከል ሂት ፓምፕ (ከውጭ ሙቀት ወስዶ ቤቱን ለሚያሞቅ የኤሌክትሪክ መሣሪያ) 7,500 ፓውንድ ይደግፋል። መሣሪያው ለሁሉም ቤት አይስማማም፤ ውጭ የሚቀመጥበት ቦታና ብዙ ጊዜ ሰፋ ያሉ ራዲያተሮች ይፈልጋል። ሆኖም ሳይጠይቁ አይለፉት።

አዲሱ ቦይለር ከገባ በኋላ ወደ ራዲያተር የሚልከውን ውሃ 60 ዲግሪ አካባቢ እንዲያደርጉልዎ ይጠይቁ። ተመላሹ ውሃ ከ55 ዲግሪ በታች ካልሆነ የጭሱን ሙቀት መልሶ መጠቀም አይችልምና፣ የገዙት ቁጠባ በጭስ ማውጫው ይወጣል። ሙቅ ውሃ በጋን የሚጠራቀምበት ቤት ከሆነ ግን ጋኑ 60 ዲግሪ መድረስ ስላለበት ባለሙያውን ሳያማክሩ አይቀንሱ። ሥራው ካለቀ በኋላ የሕንፃ ደንብ ማረጋገጫ ወረቀት በፖስታ ሊደርስዎ ይገባል። ካልመጣ ይከታተሉ፤ ቤቱን የሸጡ ቀን የገዢው ጠበቃ ከሚጠይቃቸው ወረቀቶች አንዱ እሱ ነው።