ሚዛኑን የሚያነብ ገበሬ

አዲስ ቃላት

ታውንሽፕ፦ በካናዳ ጥቂት መንደሮችንና እርሻዎችን አንድ ላይ የሚያስተዳድር ትንሽ የገጠር ወረዳ።
ፎርማጆ፦ ከወተት የሚሠራ፣ ተጨምቆ የሚጠነክር የፈረንጅ አይብ።
አጓት፦ ወተት ሲረጋ ተለይቶ የሚወጣ ውሃ።

(በዚህ ትምህርት ውስጥ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ፊደል ቆጠርን፤ ስማችንንም መጻፍ ቻልን። ታዲያ ከዚህ ወዲያ ማንበብ ለገበሬ ምን ይሠራለታል? ይህ ጥያቄ የሚገባ ጥያቄ ነው። መልሱን ለማግኘት ዛሬ ወደ ሩቅ አገር ገበሬዎች ዘንድ እንሂድ።

ካናዳ ከውቅያኖስ ማዶ፣ በሰሜን አሜሪካ የምትገኝ ሰፊ አገር ናት። አብዛኛው ሕዝብ እንግሊዝኛ ይናገራል። ኦንታሪዮ በሚባለው ክፍለ አገርም እንደዚያው ነው። ነገር ግን በዚያው በኦንታሪዮ ምሥራቅ፣ ከዋና ከተማው ከኦታዋ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ሳን አልቤር የምትባል ትንሽ መንደር አለች። ቀድሞ የኬምብሪጅ ታውንሽፕ መንደር ነበረች። በ1998 ታውንሽፑ ከጎረቤቶቹ ጋር ተዋህዶ ላ ናሲዮን ተባለ። በዚህ አካባቢ አብዛኛው ሰው የሚናገረው ፈረንሳይኛ ነው። አያቶቻቸው ኬቤክ ከሚባለው ከጎረቤቱ ክፍለ አገር መጥተው፣ ጫካ መንጥረው እርሻ ያቀኑ ናቸው።

የአካባቢው ሀብት የወተት ላም ነው። ክረምቱ በረዶ ስለሆነ ላሟ በጋጣ ትከርማለች፤ ገበሬውም በበጋ ድርቆሽ አጭዶ ይከምርላታል። ወተት ግን፣ እናንተም እንደምታውቁት፣ አይጠብቅም። ቶሎ ካልተሸጠ ይበላሻል። አንድ ገበሬ ለብቻው ጥቂት ወተት ይዞ ሩቅ ገበያ ቢሄድ ምን ያተርፋል?

ስለዚህ በ1894 በሳን አልቤር 10 ገበሬዎች ተሰበሰቡ። አንደኛው ሉዊ ዤኒዬ ይባል ነበር። ወተታቸውን አንድ ላይ አድርገው የፎርማጆ ቤት አቋቋሙ። ፎርማጆ የሚሠራው እንዲህ ነው፦ ወተቱ ለብ ይደረጋል፤ የሚያረጋው ነገር ይጨመርበታል። ወተቱ ሲረጋ ይቆራረጣል፤ አጓቱ ይወጣል። የቀረው ጨው ገብቶበት በመጭመቂያ ይጨመቃል። ከ10 ሊትር ወተት 1 ኪሎ ገደማ ፎርማጆ ይወጣል። ወተቱ ባይጠብቅም ፎርማጆው ለወራት ይቆያል።

እንግዲህ ማንበብ እዚህ ላይ ይመጣል። በዚያ ዘመን በፎርማጆ ቤቶች የእያንዳንዱ ገበሬ ወተት በየዕለቱ ይመዘን ነበር። ክብደቱም ከስሙ ፊት ለፊት በመዝገብ ይጻፋል። ገንዘቡ የሚከፈለው በመዝገቡ መሠረት ነው። ሚዛን ማንበብ የማይችል ሰው የተነገረውን ከማመን በስተቀር ምን ያደርጋል? መዝገቡን የሚያነብ ግን፣ «ይኼ ቁጥር ተሳስቷል፤ ይታረም» ይላል። ሐቀኛው ጸሐፊም ከሐሜት ይድናል። ማኅበር የሚጸናው በመተማመን ነው፤ መተማመንም የሚጸናው ሁሉም ሒሳቡን ማየት ሲችል ነው።

ይሁን እንጂ ሰው በሚገባው ቋንቋ ካልተማረ ማንበቡ ይከብደዋል። በ1912 የኦንታሪዮ መንግሥት ደንብ ቁጥር 17 የሚባል ሕግ አወጣ። ደንቡ በፈረንሳይኛ ማስተማርን ከመጀመሪያዎቹ 2 የትምህርት ዓመታት በላይ እንዳያልፍ ከለከለ። እንቢ ያሉ ትምህርት ቤቶች የመንግሥት ገንዘብ ተቋረጠባቸው። ሕዝቡ ግን ዝም አላለም። በ1916 በኦታዋ ከተማ፣ ጊግ በሚባለው ትምህርት ቤት፣ ቤያትሪስና ዲያን ዴሎዥ የተባሉ ሁለት እኅትማማች አስተማሪዎች ደንቡን ጥሰው ልጆቹን በፈረንሳይኛ አስተማሩ። እናቶች የባርኔጣ መርፌና መቀስ ይዘው በሩን ጠበቁ፤ ፖሊስ እንዳይገባ ከለከሉ። ትግሉ 15 ዓመት ፈጀ። በ1927 መንግሥት ደንቡን ማስፈጸም ተወ። በ2016 ደግሞ የኦንታሪዮ መንግሥት ስለዚያ በደል በይፋ ይቅርታ ጠየቀ።

በእኛም አገር በ1979 የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር፣ ከጊዜ በኋላ ትምህርቱ በ15 ቋንቋዎች እንዲሰጥ የተደረገው በዚሁ ምክንያት ነው። ሰው በአፍ መፍቻው ሲማር ፊደሉ ቶሎ ይገባዋል።

የሳን አልቤር ማኅበር ከባድ ፈተና የገጠመው ከዚህ ሁሉ ዘመን በኋላ ነው። በየካቲት ወር 2013 እሳት ተነሥቶ ፋብሪካውን አወደመው። ከ100 ዓመት በላይ የተደከመበት ነገር በአንድ ቀን ዐመድ ሆነ። አንድ ሰው ብቻውን ቢሆን ኖሮ፣ «በቃ፣ አለቀልኝ» ባለ ነበር። ፋብሪካው ግን የብዙ ገበሬዎች ነው። ስለዚህ ተመካከሩ፤ በዚያው በመንደራቸው አዲስ ፋብሪካ ሠሩ። የሳን አልቤር ፎርማጆ ዛሬም ለገበያ ይቀርባል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የተባለው ለዚህ ነው።

እንግዲህ በመጀመሪያ ላነሣነው ጥያቄ መልሱ ይኸውና። ማንበብ ለጌጥ አይደለም። ላባችን ስንት እንደመዘነ የምናውቅበት ዓይን ነው። እህላችን ሲመዘን ቁጥሩን እንይ፤ ደረሰኝ ሲሰጠን ሳናነብ አንፈርም፤ የማኅበራችን መዝገብ ይነበብ እንበል። ማንበብ የቻለም ላልቻለው ያንብብለት፤ ያስተምረውም።

ተወያዩ

1. የሳን አልቤር ገበሬዎች ወተታቸውን ለየብቻ ከመሸጥ ይልቅ ለምን አንድ ላይ አደረጉ?
2. እናቶቹ የትምህርት ቤቱን በር የጠበቁት ለምንድን ነው?
3. በአካባቢያችሁ እህል ሲሸጥ ሚዛኑን የሚያነበው ማን ነው? ሻጩስ ቁጥሩን ያያል?