ከባድ ባቡር፣ ቀጭን ሀዲድ

ከአራዳ፣ ከማዘጋጃ ቤቱ ፊት ቆመን ቁልቁል ብናይ፣ ሰፊው የቸርችል መንገድ እስከ ለገሀር ይወርዳል። ፒያሳ የጣልያንኛ ቃል ነው፤ አደባባይ ማለት ነው። ለገሀር ከፈረንሳይኛ የመጣ ነው፤ የባቡር ጣቢያ ማለት ነው።

የጅቡቲው ባቡር አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው። ግን ለገሀር ቆመ እንጂ አራዳ አልወጣም። ትልቁ ገበያ ደግሞ ያኔ እላይ፣ ጊዮርጊስ አጠገብ ነበር። ስለዚህ ከፉርጎ የወረደው ዕቃ በእንስሳና በሰው ትከሻ ዳገቱን ይወጣ ነበር።

ባቡር ዳገት አይወድም። ብረት በብረት ላይ ሲሄድ ያዳልጠዋል። ፉርጎዎቹን የሚጎትተውን መኪና ሎኮሞቲቭ እንለዋለን። እሱ ከባድ ከሆነ ሀዲዱን ቆንጥጦ ይይዛል። ታዲያ አክብደን ብንሠራውስ? ሀዲዱ ቀጭን ከሆነ ይጎብጣል፤ ይሰበራልም። ቢቀል ያዳልጠዋል፣ ቢከብድ ሀዲዱን ይጎዳል። የባቡር ሠሪዎች ጭንቀት ይሄ ነው።

ገበሬ መፍትሔውን ያውቀዋል። በክረምት ብዙ የተጫነች አህያ ማጥ ውስጥ ትሰምጣለች። ያንኑ ጭነት ለሁለት አህዮች ብናካፍለው ግን ይሻገራሉ።

እስቲ እናስላው። አንድ ሎኮሞቲቭ 600 ኩንታል ይመዝናል እንበል። በ4 ጥንድ መንኮራኩር ቢቆም፣ በእያንዳንዱ ጥንድ ሥር ያለው ሀዲድ 150 ኩንታል ይሸከማል። በ6 ጥንድ ቢቆም 100 ኩንታል ብቻ ይደርሰዋል። ክብደቱ አልቀነሰም፤ ተካፈለ እንጂ።

በአሜሪካ ሚልዋኪ ሮድ የሚባል የባቡር ኩባንያ ነበር። ከዋናው መስመር ተገንጥለው ወደ ገጠር የሚገቡ ቀጫጭን ሀዲዶች ነበሩት። ለእነሱ ሲባል ኤስ ዲ ኤል 39 የተባለ፣ በ6 ጥንድ መንኮራኩር የሚሄድ የናፍጣ ሎኮሞቲቭ ተሠራለት። ከ1961 እስከ 1965 ዓ.ም. የተሠሩት 10 ብቻ ናቸው። ሌላ ኩባንያ አላዘዘም። ለትንሽ መስመር የሚሆን መሣሪያ ገዢው ጥቂት ነው።

የእኛው የድሮ መስመርም ጠባብ ነበር፤ በሁለቱ ሀዲዶች መካከል ያለው ስፋት 1 ሜትር ብቻ ነው። በመጀመሪያ የሠራበት የእንፋሎት ባቡር ብዙ ውሃ ይጠጣ ነበር፤ መንገዱ ግን በረሃ ነው። በ1940ዎቹ የናፍጣ ሎኮሞቲቮች ሲመጡ የውሃው ችግር ቀለለ።

ፍጥነት ሲጨመርበት ግን ክብደት ሌላ አደጋ ያመጣል። መታጠፊያ ላይ ባቡሩ ወደ ውጭ ይገፋል፤ የፈጠነ ከሆነ ከሀዲዱ ይወጣል። በጥር ወር 1977 ዓ.ም. አዋሽ አካባቢ የደረሰው እንዲህ ነው። ባቡሩ መታጠፊያው ላይ ሳይቀዘቅዝ ሄዶ ከሀዲዱ ወጣ፤ ከ400 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ። ስንቱ ወደ ዘመዱ፣ ስንቱ ወደ ገበያው ሲሄድ ነበር!

አዲሱ የጅቡቲ መስመር በ2009 ዓ.ም. ተመረቀ፤ የሚሄደው በኤሌክትሪክ ነው፤ ሀዲዱም ሰፋ ያለ ነው። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በመስከረም 2008 ዓ.ም.፣ የከተማው ቀላል ባቡር ሥራ ጀመረ። ዳገቱን ወጥቶ፣ በምድር ውስጥ አልፎ፣ ምኒልክ አደባባይ ደረሰ። የጅቡቲው ባቡር ለገሀር ከቆመ 98 ዓመት አልፎት ነበር። ቀላል የተባለውም በከንቱ አይደለም። ኤሌክትሪኩ ከላይ ከሽቦ ስለሚመጣለት ናፍጣም ውሃም አይሸከምም። የሚጭነውም ሰው ብቻ ነው። ኩንታሉ ወደ ፒያሳ የሚወጣው በመኪና ነው።