85 አምጥቶ የወደቀ መርከብ

ከእኛ ክፍል 85 ያመጣ ልጅ ካርዱን ይዞ እየሮጠ ነው ቤቱ የሚገባው። 85 አምጥቶ የሚወድቅም አለ ብላችሁ ግን ታምኑኛላችሁ? አለ፤ እሱም መርከብ ነው።

መርከብ ስል ዕቃ የሚጭነውን አይደለም። ሰው ለሽርሽር የሚሳፈርበት፣ መኝታው፣ ምግብ ቤቱ፣ መዋኛው ሁሉ ውስጡ ያለ፣ አንድ ከተማ የሚያህል መርከብ ነው። ትልልቆቹ ከ5,000 ሰው በላይ ይይዛሉ። እኛ የጎጃም ደጋ ልጆች ባሕር አላየንም፤ የሚቀርበን ጣና ነው። ለጣና የተገዛችው ጣናነሽ ሁለት እንኳ ከጅቡቲ በየብስ በመኪና እየተጎተተች ነው የመጣችው።

እነዚህን የሽርሽር መርከቦች አሜሪካ ወደብ ሲደርሱ የሚፈትሽ መሥሪያ ቤት አለ፤ የበሽታ መቆጣጠርና መከላከል ማዕከል ይባላል፣ በአጭሩ ሲዲሲ። ሥራው የተጀመረው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1970ዎቹ ነው። ተቆጣጣሪዎቹ በዓመት ሁለት ጊዜ ያህል ሳይናገሩ ይመጣሉ። መርከቡ በ100 ይጀምርና ጥፋት በተገኘ ቁጥር ይቀነስበታል። የመጠጥ ውሃው በቂ ክሎሪን አለው ወይ? ትኩስ ምግብ ከ57 ዲግሪ፣ ቀዝቃዛው ደግሞ ከ5 ዲግሪ ጋር ሲነጻጸር እንዴት ነው? ማለትም ትኩሱ ከ57 እንዳይወርድ፣ ቀዝቃዛው ከ5 እንዳይወጣ ነው። ወጥ ሠሪው የሚታጠብበት ሳሙና አለ ወይ? በመጨረሻ 86 እና ከዚያ በላይ ያመጣ ያልፋል፤ 85 ወደቀ። ውጤቱም ከነመርከቡ ስም ለሕዝብ ይገለጣል።

ይህን ያህል መጨከን ለምን አስፈለገ? ኖሮቫይረስ የሚባል ተውሳክ ስላለ ነው። ያስታውካል፣ ያስቀምጣል። ለመያዝ በጣም ጥቂት ቅንጣት ይበቃል፤ የአልኮል ጄል ደግሞ ብዙም አይገድለውም፣ የሚያስወግደው በውሃና በሳሙና በደንብ መታሸት ነው። ከተሳፋሪዎቹ 3 በመቶ ከታመሙ ወረርሽኝ ተብሎ ይነገራል። (ሒሳብ ለምትወዱ፦ 3,000 ሰው ቢሳፈር ስንት ይሆናል? 90።) መርከብ ላይ ብዙ ሰው በአንድ ማዕድ ይበላል፣ አንድ የበር እጀታ ይይዛል፣ ወርዶ የሚሄድበትም የለም።

እንዲህ ያለ ቦታ ግን ባሕር ላይ ብቻ አይደለም ያለው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን በቋራ ወረዳ በርመል ጊዮርጊስ ጸበል ቦታ ኮሌራ ገብቶ ነበር። ጥፋቱ የጸበሉ አይደለም፤ አያቴም ጸበል ትሄዳለች። ሰው በሺህ ተሰብስቦ ንጹሕ ውሃና መጸዳጃ ሲያንስ ነው በሽታው የሚነሣው። ትምህርት ቤትም እንደዚያው ነው።

በእኛ አገር ተቆጣጣሪ የለም እንዳትሉ። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ከነበሩት 16 ፓኬጆች 7ቱ ስለ ንጽሕና ናቸው። የቀበሌያችን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ቤታችን ስትመጣ መጀመሪያ የምትሄደው ጓሮ ነው፤ ሽንት ቤቱ ክዳን አለው ወይ፣ በሩ ላይ ውሃና ሳሙና ወይም አመድ አለ ወይ ብላ ታያለች። እናቴ «ምነው ልጄ፣ ብትነግሪኝ ጠራርጌ እጠብቅሽ አልነበር!» ስትላት ትስቅና «ለዚያ ብዬ እኮ ነው ያልነገርኩዎት» ትላታለች። ክዳኑን የምታጠብቀው በዝንብ ምክንያት ነው። ትራኮማን ከዓይን ወደ ዓይን የምታመላልሰው ዝንብ እንቁላሏን የምትጥለው ሜዳ ላይ በቀረ ዓይነ ምድር ነው፤ በደንብ በተከደነ ጉድጓድ አይመቻትም። በየዓመቱ ዚትሮማክስ ስንውጥ ፊታችንንም እንድንታጠብ የሚነገረን ለዚህ ነው። መድኃኒቱ ብቻውን አይበቃማ።

እናም እኛ የሚኒ ሚዲያና የሥነ ጽዳት ክበብ አባላት «ለምን ትምህርት ቤታችንን እንደ መርከብ አንፈትሽም?» አልን። የወረዳ እንግዳ ሲመጣ ግቢው እንዴት እንደሚያምር ሁላችንም እናውቃለን፤ ስለዚህ ለማንም አልተናገርንም፣ ሐሙስ በዕረፍት ሰዓት ወጣን።

ከ100 ጀመርን። የሴቶች ሽንት ቤት በር ላይ ያለው ጀሪካን ባዶ ነበር፤ 20 ቀነስን። ሳሙና የለም፤ 10። ከአራቱ በሮች ሁለቱ አይዘጉም፤ 8 ቀነስን፣ ቆይተን ስናስበው ግን አንሷል። አንዲት የክበባችን ልጅ እንደነገረችን ሴት ተማሪዎች በር ስለማይዘጋ ቤታቸው እስኪደርሱ ይችሉታል፤ ውሃም የማይጠጡት ለዚያ ነው። አንዳንዷ ደግሞ ከነጭራሹ ትቀራለች። የቆሻሻ ጉድጓዱ አልተከደነም፤ 4። ቀሪው 58 ሆነ። በእኛ ሕግ አልፏል፣ በመርከብ ሕግ ወድቋል።

ጀሪካኑን በተመለከተ አንድ ነገር መደበቅ አልችልም። የውሃ ተረኞቹ እነማን እንደሆኑ ዝርዝሩን ስናይ የእኛ ክፍል ሆኖ ተገኘ፤ ሐሙስ ደግሞ የእኔ ስም ነበር። ቧንቧው የሚመጣው በሳምንት ሁለት ቀን ነው፣ እውነት ነው፤ እኔ ግን ቧንቧው መጥቶ ሳለ ኳስ ስጫወት ነበር። ታናሽ እህቴ ባለፈው ወር ተቅማጥ ይዟት አምስት ቀን ከትምህርት ቀርታለች። ከዚያ ጀሪካን ነው ወይ ከሌላ አላውቅም፤ ነገሩ ግን ከሆዴ አልወጣም።

ውጤቱን ለርእሰ መምህራችን ሰጥተናል። የበሮቹ ማጠፊያ እስከሚቀጥለው ሳምንት እንደሚሠራ ነግረውናል፤ ሳሙናውን ክበቡ እንዲገዛ ፈቅደዋል። የውሃ ተራው ዝርዝር በየክፍሉ በር ላይ ይለጠፋል። ሁለተኛው ፍተሻ ከፈተና በፊት ይደረጋል፤ የመምህራኑንም ሽንት ቤት ይጨምራል። ውጤቱ እዚሁ መጽሔት ላይ ይወጣል። ቀኑን ግን አልነግራችሁም።